ከሱሉልታ እስከ ሰበታ፤ በብስክሌት ብቻን የመጓዝ አስቸጋሪነት

የረጅም ርቀት የብስክሌት ጉዞ የሚባለው አንድ ሰው ልብሱን፣ ስንቁንና መጠገኛ ዕቃውን ብስክሌቱ ላይ ጭኖ፣ ከማንም ጋር ሳይሽቀዳደም በገዛ ጉልበቱ አገር የሚያቋርጥበት የጉዞ ዓይነት ሲሆን፣ ከውድድር የሚለየውም ቀድሞ የደረሰ ስለማይሸለምበትና ዘግይቶ የደረሰ ስለማይወቀስበት ነው። የዚህ ጉዞ ወዳጆች በታላቅ ፈተናነት ከሚቆጥሯቸው ምድሮች አንዱ የአውስትራሊያ በረሃ ነው፤ በናላርቦር ሜዳ በኩል የሚያልፈው የኤር አውራ ጎዳና በአንድ ስፍራ 146.6 ኪሎ ሜትር ያህል አንዲትም መታጠፊያ ሳይኖረው ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ፣ በዚያ የሚጓዝ ሰው ዋና ሥራው የያዘውን ውኃ በሊትር እየቆጠረ መጠጣትና ከራሱ ጋር የሚያወራው ወሬ እንዳያልቅበት መጠንቀቅ ነው።

በአዲስ አበባ ዙሪያ ለሚጓዝ ብስክሌተኛ ግን ይህ ዓይነቱ ጭንቀት ከነአካቴው አይደርስበትም። ከተማይቱን ከከበቧት ከተሞች መካከል ሱሉልታ በስተ ሰሜን በጎጃም መንገድ፣ ቡራዩ በስተ ምዕራብ በአምቦ መንገድ፣ ሰበታ ደግሞ በስተ ደቡብ ምዕራብ በጅማ መንገድ ላይ የሚገኙ ሲሆኑ፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ከሌሎች አጎራባች ከተሞች ጋር በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። አብዛኛው የአዲስ አበባ ነዋሪ ሦስቱንም የሚያውቃቸው በመውጫ በርነታቸው ነው፤ ባዶ ሚኒባስ በር ላይ የቆመ ረዳት “ሰበታ፣ ዓለም ገና! ሁለት ሰው የቀረው!” እያለ ሲጣራ ስማቸውን ይሰማል፣ ከተሳፈረም በኋላ መስኮቱን ተደግፎ እንቅልፍ ሲወስደው ያልፋቸዋል። እነዚህን ሦስት በሮች በአንድ ቀን በብስክሌት ለማገናኘት የሚነሣ ሰው የሚሸፍነው መንገድ በስድሳና በሰባ ኪሎ ሜትር መካከል ቢሆንም፣ ቀኑ ሲመሽ የሚሰማው ድካም በኪሎ ሜትር የማይለካው የመንገዱ ርዝመት በሰው ብዛት የሚወሰን በመሆኑ ነው። የበረሃው ተጓዥ ውኃ ይሸከማል፤ የሱሉልታው ተጓዥ ግን ከሁሉ አስቀድሞ መልስ ይሸከማል፤ ምክንያቱም “ለምን በሳይክል?” የሚለውን ጥያቄ ሳይመልስ የሚያልፍበት አንድ ሰፈር እንኳ የለም።

ለጉዞው የሚስማማው ወቅት ከኅዳር ጀምሮ ያለው ጊዜ ነው። በክረምት የሱሉልታ ሜዳ ውኃ ስለሚተኛበት ከአስፋልቱ መውጣት የማይታሰብ ሲሆን፣ ኅዳር ሲገባ ግን ሜዳው ደርቆ ሣሩ ይታጨዳል፤ ለአዲስ አበባ ዙሪያ የወተት ላሞች የሚቀርበው ድርቆሽ፣ ማለትም ለመኖነት የደረቀው ሣር፣ ተከምሮና ታስሮ በየመንገዱ ዳር የሚታየውም በዚሁ ጊዜ ነው። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች በጠዋት ውርጩ ጣትን ያደነዝዛል፣ ሳንባ በአንድ ትንፋሽ የሚስበው ኦክስጅንም በባሕር ዳርቻ ከሚያገኘው ሦስት አራተኛ እንኳ አይሞላም። ከቆላ የመጣ ሰው በዚህ ስፍራ የመጀመሪያውን ዳገት ሲጀምር ብስክሌቱ የተበላሸ ይመስለውና ወርዶ ፍሬኑን ይፈትሻል፤ ፍሬኑ ግን ጎማውን አልያዘም፣ የተያዘው የባለቤቱ ደረት ነው።

ይኸው የአየር ስስነት ሱሉልታን በዓለም የታወቀች የሯጮች መንደር አድርጓታል፤ ከፍታ ላይ የሚለማመድ ሰውነት ኦክስጅን የሚሸከሙ ቀይ የደም ሕዋሳትን ስለሚያበዛ፣ አትሌቶች ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ በሜዳውና በባሕር ዛፉ መሀል በቡድን በቡድን ሆነው ይሮጣሉ፤ ቀነኒሳ በቀለም የመሮጫ መም ያለበትን የልምምድ ስፍራውን የሠራው በዚሁ ከተማ ነው። እዚህ ላይ ለኅብረተሰብ ጥናት የሚበቃ አንድ ነገር ይታያል፤ ይኸውም ቁምጣ ለብሶ በውርጭ የሚሮጥን ሰው “ወዴት ነው?” ብሎ የሚጠይቀው አለመኖሩ ነው። እረኛው ከብቱን ከመንገድ ያስወግድለታል፣ ወተት ይዛ የምትሄደው ሴት ቆማ ታሳልፈዋለች፣ ሽማግሌው “በርታ ልጄ” ብለው ይመርቁታል። ከሯጩ ኋላ በብስክሌት የሚመጣው ሰው ግን ያው እረኛ ዘንድ ሲደርስ በኦሮምኛ “ኤሳ ዴምታ?” ማለትም “ወዴት ትሄዳለህ?” ተብሎ ይጠየቃል፤ “ሰበታ” ብሎ ሲመልስም ወዲያው “ማሊፍ?” ወይም “ለምን?” ይከተላል።

የልዩነቱ ምክንያት ግልጽ ነው። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. በሮም ጎዳናዎች ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ካሸነፈ ወዲህ፣ መሮጥ በኢትዮጵያ ማብራሪያ የማያስፈልገው ሥራ ሆኗል። የታሪክ ቀልድ የሚሆነው ግን ብስክሌቱ ከሩጫው አለመዘግየቱ ነው፤ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. የሜልቦርን ኦሎምፒክ የተላከው ቡድን ሯጮችንና ብስክሌተኞችን የያዘ ሲሆን፣ እነ ማሞ ወልዴ በእግራቸው ሲሮጡ እነ ገረመው ደንቦባ በብስክሌት ተወዳድረዋል። ከዚያ በኋላ ሯጩ ወርቅ እያመጣ የክብር ሰላምታ ሲቀበል፣ ብስክሌተኛው ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ ውድድር የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እስኪሆን ድረስ በትዕግሥት መጠበቅ ነበረበት፤ የሱሉልታው እረኛ ደግሞ ይህን ዜና ገና አልሰማም። ስለዚህ በአውራ ጎዳናው ላይ ሯጩ የአገር ተስፋ፣ ብስክሌተኛው ግን የታክሲ ገንዘብ ያጠረው ሰው ሆኖ ይታያል።

ከሱሉልታ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ የእንጦጦን ሰንሰለት ከተሻገረ በኋላ በአዲሱ ገበያ በኩል ረጅም ቁልቁለት ይወርዳል። በዚህ ቁልቁለት ግራና ቀኝ የሚታየው ባሕር ዛፍ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ ለከተማይቱ የማገዶ እጥረት መፍትሔ እንዲሆን ከአውስትራሊያ የመጣ በመሆኑ፣ የአውስትራሊያን በረሃ በብስክሌት የማቋረጥ ዕድል ያላገኘ ሰው ቢያንስ በዛፎቹ ጥላ ሥር የማለፍ ዕድል አለው። ልዩነቱ በዛፎቹ ሥር ያለው ትራፊክ ነው፤ ጭራሮና ቅጠል የተሸከሙ እናቶች ወገባቸው እስኪጎብጥ ድረስ ታጥፈው በመንገዱ ጠርዝ ይወርዳሉ፣ ከፊታቸው ባለቤት ያላቸው የማይመስሉ አህዮች ይቀድማሉ፣ ከኋላ ደግሞ ድርቆሽ ከቁመቱ በላይ የጫነ አይሱዙ ጥሩንባውን እየነፋ ይደርሳል። ብስክሌተኛው በዚህ ጊዜ ሁለቱንም ፍሬኖች አንዴ ጨበጥ፣ አንዴ ለቀቅ እያደረገ መውረድ ይኖርበታል፤ ያለማቋረጥ የተያዘ ፍሬን ስለሚግል ኃይሉ ይቀንሳልና። ጓዙን በጥድፊያ ያሰረ ሰውም “ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል” የሚለው ተረት የተነገረው ለእርሱ መሆኑን የሚረዳው እዚህ ነው፤ ከኋላው የወደቀውን ሹራብ አንሥተው “አንተ! ልብስህ!” እያሉ ከሚጣሩት ሰዎች ብዛት የተነሣ ግን ዕቃ ጠፍቶበት የሚቀር ተጓዥ እምብዛም አይገኝም።

በዚህ መንገድ የሚያልፉት የአገር ልጆች ብቻ አይደሉም። ቱር ደ አፍሪክ የሚባለውና በ2003 እ.ኤ.አ. የተጀመረው፣ ከካይሮ ተነሥቶ 12,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ኬፕ ታውን የሚደርሰው የብስክሌት ጉዞ፣ ለብዙ ዓመታት የዓባይን ሸለቆ ከደጀን ወደ ጎሃ ጽዮን ከተሻገረ በኋላ አዲስ አበባ የሚገባው በዚሁ በጎጃም መንገድ ነበር። ብዙ የውጭ አገር ተጓዦች ስለ ኢትዮጵያ ሲያወሱ ከዳገቱ እኩል የሚያነሡት “ዩ! ዩ! ዩ!” እያሉ የሚከተሉትን ሕፃናት ነው። ሕፃናቱን በክፋት መጠርጠር ግን ስሕተት ይሆናል፤ ከብት ሲጠብቅ የዋለ ልጅ፣ የፀሐይ መነጽር አድርጎ ቀለም የበዛበት ጥብቅ ልብስ የለበሰ ሽማግሌ በሁለት ጎማ ሲመጣበት ዝም ብሎ ቢያይ ነበር የሚያሳስበው። ተጓዡ አበሻ ሲሆን ደግሞ ጉዳዩ ይወሳሰባል፤ ልጆቹ የራስ ቁሩን አይተው “ፈረንጅ!” ብለው ይጀምሩና ፊቱን ሲያዩ ይተዋሉ፣ ወዲያውም የተታለሉ ያህል ተቆጥተው “አበሻ ነው!” በማለት እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጥያቄ “አንዴ ልንዳው?” የሚል ነው፤ ይህ ጥያቄ በሁለት ኪሎ ሜትር ውስጥ ተደጋግሞ ከመቅረቡ የተነሣ፣ ለሁሉም እሺ ቢባል ብስክሌቱ ሰበታ የሚደርሰው በሚቀጥለው ኅዳር ይሆናል።

ከአዲሱ ገበያ በዊንጌት በኩል ወደ አስኮ፣ ከአስኮም ወደ ቡራዩ የሚወስደው መንገድ ከሜዳው ጭር ማለት ወደ ባጃጅ ዘመን የሚያሸጋግር ነው። ባለ ሦስት እግሩ ባጃጅ ብስክሌትን የሚያየው በቅርብ ዘመድነት ስለሆነ፣ ሾፌሩ ጎን ለጎን ሆኖ ፍጥነቱን እየቀነሰ “ስንት ማርሽ አለው?” ብሎ ይጠይቃል፤ ማርሽ ማለት ካቴናውን ከአንዱ ጥርስ ወደ ሌላው እያዛወረ ዳገቱን በቀላል፣ ሜዳውን በፍጥነት ለመሄድ የሚያስችል ክፍል ነው። “ሃያ አንድ” የሚል መልስ ሲሰማ ሾፌሩ የራሱን ቆጥሮ ለጥቂት ጊዜ ዝም ይላል፤ ከኋላው ያለው ሲኖትራክ ግን ዝም አይልም።

ጎማ የሚበሳውም አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ባለው መንገድ ላይ ነው፤ ከፈነዱ የመኪና ጎማዎች ውስጥ የወጡ ቀጫጭን ሽቦዎች በአስፋልቱ ዳር ስለሚበተኑ፣ ከእነርሱ አንዷ የብስክሌቱን ጎማ አልፋ ከመነዳሪውን፣ ማለትም አየር የሚይዘውን የውስጥ ላስቲክ፣ ትወጋዋለች። በበረሃ ይህ ሲደርስ ተጓዡ ብቻውን ተቀምጦ ይጠግናል። በቡራዩ ግን ብስክሌቱ ገና ከመገልበጡ ጎሚስታው፣ ጎማ የሚጠግነው ባለሙያ፣ ከሱቁ ወጥቶ “ተወው፣ ልጄ ይሥራልሃል” ይላል፤ አሥራ ሦስት ዓመት የሚሆነው ልጅም በሁለት የማንኪያ እጀታ ጎማውን ከቸርኬው ፈልቅቆ ከመነዳሪውን ያወጣና በፖምፓ ነፍቶ ለሁለት በተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ ወዳለው የደፈረሰ ውኃ ይነክረዋል። ላስቲኩ በእጁ ሥር እየተሽከረከረ ሲያልፍ ውኃው ጸጥ ይላል፣ ከዚያም በአንድ ቦታ የአረፋ ፍሬዎች ተከታትለው ብቅ ይላሉ፤ ልጁ በአውራ ጣቱ ቀዳዳውን ይዞ ያደርቀዋል፣ በብርጭቆ ወረቀት ያሻክረዋል፣ ማስቲሽ ይቀባዋል፣ እፍ እያለ ያቆየውና ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ልጣፊ ለጥፎ በመዶሻ ይጠቀጥቀዋል። ከመነዳሪውን ወደ ቦታው ከመመለሱ በፊት ግን ጣቱን በጎማው ሆድ ውስጥ ቀስ አድርጎ ያዞራል፤ ሽቦዋ ካልተገኘች ሥራው ሁሉ ከመቶ ሜትር በላይ እንደማይሄድ ያውቃልና።

ልጁ ይህን ሁሉ ሲሠራ በዙሪያው የተሰበሰበው ሸንጎ ሥራ ፈትቶ አይጠብቅም። አንዱ ካቴናው መላላቱን ያስታውቃል፣ ሌላው ኮርቻው ከፍ ማለቱን ተችቶ ዝቅ እንዲል ይወስናል፣ ሦስተኛው የአጎቱ ልጅ በሳይክል ወድቆ ክንዱ የተሰበረበትን ሁኔታ በዝርዝር ይተርካል። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው “ስንት ገዛኸው ልጄ?” ብለው ይጠይቃሉ። ዋጋው ሲነገራቸው ለተወሰነ ጊዜ ብስክሌቱን ከጎማው እስከ መሪው ይመለከቱና፣ በዚህ ብር በሬ እንደሚገዛ፣ በሬ ደግሞ አርሶ አብልቶ ሲያረጅ ራሱም እንደሚበላ፣ ይህ ግን ሲያረጅ ምን እንደሚሆን ይጠይቃሉ። “ይሸጣል አባቴ” የሚለው መልስ አያረካቸውም፤ “ለማን?” ይላሉ፤ ሸንጎውም በዚህ ነጥብ ላይ ከሽማግሌው ጎን ይቆማል። ተጓዡ ሒሳቡን ከፍሎ ሲነሣ የተጠገነው ጎማው ብቻ ነው፤ ምክንያቱ ገና እንደተበሳ ነው።

ከቡራዩ አለፍ ብሎ የሚገኘው ገፈርሳ፣ ለአዲስ አበባ የቧንቧ ውኃ ከሚያቀርቡት ግድቦች ቀደምቱ ያለበት ስፍራ ሲሆን፣ በቀኑ ጉዞ ውስጥ ዓይን የሚያርፍበት ሰፊ ውኃ ይኸው ነው። ከዚህ ወደ ደቡብ ሲታይ ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የወጨጫ ተራራ በአምቦና በጅማ መንገዶች መካከል ተቀምጦ ይታያል፤ በምዕራብ ጎኑ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የጽድ ዘር ተዘርቶበት እንደተጠበቀ የሚነገርለት ጥንታዊ ደን ነው። ካርታ የሚያነብ ብስክሌተኛ ተራራውን ዞሮ በደኑ በኩል ሰበታ ለመውረድ መጎምጀቱ አይቀርም፤ ይሁን እንጂ ለአንድ ቀን የተነሣና የጓዙ ገመድ የላላበት ሰው ወደ ዊንጌት ተመልሶ በቀለበት መንገዱ በኩል በጦር ኃይሎች አድርጎ ወደ አየር ጤና ቢሄድ ከማታው ጅብ ጋር የመገናኘት ዕድሉን ይቀንሳል።

ከተማ ውስጥ ያለው የጉዞው ክፍል በአጭሩ ሊታለፍ የሚገባው ነው። በ2011 ዓ.ም. “መንገድ ለሰው” በሚል ስም በተመረጡ እሑዶች ጎዳናዎች ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛና ለብስክሌተኛ መከፈት ከጀመሩ ወዲህ፣ በቅርቡም በኮሪደር ልማቱ የተለየ የብስክሌት መንገድ በየጎዳናው ዳር ከተሠራ ወዲህ፣ በአዲስ አበባ ብስክሌተኛን የሚያይ ሰው መደነቁን ቀንሷል። በተሠራለት መስመር የሚሄደው ብስክሌተኛ “ለምን?” ተብሎ አይጠየቅም፤ ይህን መስመር የሚካፈሉት ሰዎች ፎቶ የሚነሡ ሙሽሮችና በስልክ የሚያወሩ እግረኞች በመሆናቸው፣ የሚጠየቀው “አታይም እንዴ?” ተብሎ ብቻ ነው።

ከአየር ጤና በኋላ ወለቴንና ዓለም ገናን አልፎ ሰበታ የሚደርሰው መንገድ ለእግር የሚራራ ሜዳማ ነው፤ ለጆሮ ግን አይራራም። ሰበታ ፋብሪካ የበዛባት፣ የሜታ ቢራ መጠመቂያ የሚገኝባት፣ በዙሪያዋም የአበባ እርሻዎች የተተከሉባት ከተማ ስለሆነች የከባድ መኪናው ሰልፍ አይቋረጥም። ከሁሉም በላይ ደግሞ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውና 750 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የኢትዮጵያ ጅቡቲ የባቡር ሐዲድ መነሻ ይህችው ከተማ ናት። ወደ ባሕር የሚወስደውን ረጅም መንገድ ደጃፏ ላይ የዘረጋች ከተማ ከሱሉልታ በብስክሌት በመጣ ሰው ልትደነቅ አይገባትም ነበር፤ ነገር ግን ባቡር የሚሄደው ሥራ ስላለው ነው፣ ዕቃ ያመጣል፣ ዕቃ ይወስዳል። ብስክሌተኛው በሁለት ሻንጣ የጫነው ሲፈተሽ የሚገኘው ሹራብ፣ በሶና መፍቻ ነው፤ ይህን ይዞ ሰባ ኪሎ ሜትር መምጣት በየትኛውም የንግድ ሥሌት አያዋጣም።

ስለዚህ ልምድ ያላቸው ተጓዦች መልስን እንደ መለዋወጫ ዕቃ አስቀድመው ያዘጋጃሉ። “ለስፖርት ነው” የሚለው ከሁሉ የሚሻል ቢመስልም፣ በሱሉልታ “ታዲያ ለምን አትሮጥም?” የሚል የማይመለስ ጥያቄ ያስከትላል። “አገር ለማየት ነው” የሚለው ጥርጣሬ ያስነሣል፤ አገሩ ሁልጊዜም እዚያው ስለሆነ ለማየት መቸኮል ለምን እንዳስፈለገ ማስረዳት ይከብዳልና፤ በእጅ ካርታ ከተያዘ ደግሞ መሬት ሊለካ የመጣ ሰው ተብሎ ወሬው ከብስክሌቱ ቀድሞ ይሄዳል። “ተወራርጄ ነው” የሚለው በጎረምሶች ዘንድ ተቀባይነት አለው፤ “ተስዬ ነው” የሚለው ደግሞ ሽማግሌዎችን ያስደስታል፣ ነገር ግን የየትኛው ታቦት ስለት በብስክሌት እንደሚፈጸም ሲጠየቅ መውጫ የለውም።

ሁሉንም ወገን ያለ ክርክር የሚያሳምነው መልስ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም “ዘመድ ልጠይቅ ነው” የሚለው ነው። ዘመድ ለመጠየቅ ሰው በእግሩም፣ በበቅሎም፣ በብስክሌትም ቢሄድ የሚያስነቅፈው ባዶ እጁን መሄዱ ብቻ ስለሆነ፣ ይህን የተናገረ ሰው ወዲያውኑ ውኃ ይቀርብለታል፣ አቋራጩ ይጠቆምለታል፣ ውሾቹም በባለቤቶቻቸው ድንጋይ ይመለሱለታል። የመልሱ ጉድለት የሚገለጸው ሰበታ መግቢያ ላይ “የማን ዘመድ?” ተብሎ ሲጠየቅ ነው። ተጓዡ በድካምና በረሃብ መካከል ሆኖ በአገሩ የተለመደ አንድ ስም ቢጠራ፣ በዚህ ስም የሚጠራ ሰው በሰበታ አለመኖሩ የማይሆን ነገር ነው፤ ከተጠየቁት አንዱ “አውቃቸዋለሁ፣ ና ላሳይህ” ብሎ ብስክሌቱን ይገፋለታል። የቤቱ ባለቤትም የመጣውን እንግዳ ለጊዜው ባያስታውሱትም፣ ከዘመድ ብዛት አንዱን መርሳታቸው ስለሚያሳፍራቸው ያስገቡታል፣ ቡና ይፈላለታል፣ እናቱ ደኅና መሆናቸውን ይጠየቃል፤ ሁለተኛው ስኒ ላይም ታክሲ እያለ ለምን በሳይክል እንደመጣ ይነሣል። በዚህን ጊዜ ሰውየው ዘመድ ሆኗልና “ማናችሁ እንዲህ የምትጠይቁኝ?” ሊል አይችልም፤ የሚያዋጣው ጎማው በቡራዩ እንዴት እንደተበሳ ማውራት ብቻ ነው።